የማሬሻል ነጠብጣብ ልጆች

ማዳም ዜሊ የልኳንዳውን በር በትከሻዋ ገፍታ የገባችው መጥበሻ ታቅፋ ነው። ዘንቢል የለ፣ ቦርሳ የለ፣ መጥበሻ ብቻ። ወረፋ የያዙትን ሁሉ አልፋ መጥበሻውን ባንኮኒው ላይ ዷ አድርጋ አስቀመጠችና፣

“ይኼ ምንድን ነው?” አለች።

ጊስሌን ቢላዋዋን አኑራ አጎንብሳ አየች። “የኮት ቁልፍ ይመስላል።”

“የጎድን ሥጋ ነው! ትናንት ከአንቺ ስገዛው የባሌን ጫማ ያህል ነበር። መጥበሻው ላይ ጣል ሳደርገው ማልቀስ ጀመረ። ውሃው ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣና ድንቼን አሰጠመብኝ። ባሌ ሳህኑን አይቶ ‘ዛሬ ጾም ነው እንዴ?’ አይለኝም!”

ወረፋው በሳቅ አውካካ። ጊስሌንም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልኳንዳውን ብቻዋን ይዛ የምታስተዳድር፣ ክንደ ብርቱ፣ ፀጉሯን የቁራ ላባ አስመስላ የምትቀባ፣ ነገር የማያልፋት ሴት ናት። የሥጋው በሽታ ከየት እንደሚመጣ ታውቀዋለች። የሚመጣው ከገዛ ወንድሟ ከኦዲሎን በረት ነው። ሲታረድ ጀምሮ የነጣ፣ በጣት ሲነኩት የሚሰምጥ፣ ጠረጴዛ ላይ ካደረ ሥሩ ኩሬ የሚሠራ ሥጋ።

በግሬቮ መንደር ኦዲሎንን የማያውቅ ቢገኝ እንኳ ማሬሻልን የማያውቅ የለም። በጦር መሪ ማዕረግ የተሰየመው ማሬሻል የኦዲሎን አውራ አሳማ ነው፤ ነጭ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ የጣለበት፣ ታፋዎቹ ከኋላ ሲታዩ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት የቢራ በርሜሎች የሚመስሉ፣ ጀርባው ላይ ግን የጣት ውፍረት ያህል ጮማ የማይገኝበት። በየዓመቱ በአውራጃው ትርዒት ሽልማቱን የሚወስደው እሱ ነው። ኦዲሎንም አንገቱ ላይ ሪባን የተንጠለጠለው እሱ ራሱ ይመስል ደረቱን ነፍቶ በመንደሩ መሀል ያልፋል።

ይኹን እንጂ ይህ ሁሉ ጡንቻ የተሸከማት ልብ የወፍ ልብ ነበረች። ውሻ ከጮኸ ማሬሻል ይንቀጠቀጣል፣ ቆዳው ቀይ በቀይ ይሆናል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ስለዚህ በኦዲሎን ግቢ ሰው የሚሄደው በእግር ጣቱ ነው። ውሻው ለዘመድ ተሰጥቷል። ኦዲሎን ቄሱ ዘንድ ሄዶ ደወሉን ቀስ አድርገው እንዲደውሉ እስከ መለመን ደርሷል፤ ቄሱ “ደወሉ የሚደወለው ለክርስቲያኖች እንጂ ለአሳማ አይደለም” ብለው መለሱት። የማሬሻል ልጆችም በአባታቸው የወጡ ናቸው። ወደ ቄራ ሲጫኑ ከመካከላቸው አንድ ሁለቱ መኪናው ላይ ድርቅ ብለው ይሞታሉ። ኦዲሎን ሾፌሩን ይሰድባል፤ ሾፌሩ ይቀየራል፤ አሳማዎቹ መሞታቸውን አይተዉም።

ጊስሌን የዚያን ዕለት ከሰዓት መጥበሻውን ይዛ ወንድሟ ዘንድ ሄደች።

“አንተ ሰው፣ ይህን እይልኝ!”

“ቀስ! ማሬሻል ተኝቷል” አላት በሹክሹክታ።

“ማሬሻልህ ይተኛ። እኔን ግን ደንበኞቼ እንቅልፍ ነሥተውኛል። ሥጋህ ሥጋ አይደለም፣ እርጥብ ስፖንጅ ነው!”

“የኔ አሳማ ሽልማት የበላ አሳማ ነው። ችግሩ እሳትሽ ነው። ወይ ቢላዋሽ።”

“ቢላዋዬ ነው ውሃ የሚያለቅሰው?”

“እኔ ምን አውቃለሁ! የልኳንዳ ሰው ውሃ ከየት እንደሚያመጣ የሚያውቀው የልኳንዳ ሰው ነው።”

ጊስሌን ነገሩን የወንድም ብሽሽቅ አድርጋ ዋጥ ልታደርገው ነበር። በሳምንቱ ግን መጠጥ ቤቱን የምታስተዳድረው ሴት ቋሊማ ልትገዛ መጥታ ጆሮዋ ላይ ጣለችላት፤ ኦዲሎን ቢራውን እየጨለጠ በመላው ጠጪ ፊት “እህቴ ሚዛን እንዲደፋላት ሥጋው ውስጥ ውሃ ትወጋለች” ብሏል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል። ጊስሌን ቋሊማውን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠች፣ ፈገግ አለች፣ ሴትዮዋን በደኅና ሸኘች። ከዚያ በሩን ዘግታ አንድ ሙሉ የአሳማ ጎድን በመጥረቢያ አደቀቀች።

በዚያው ሰሞን የአርቢዎች ማኅበር አዲስ ደንብ አወጣ። ወደ ማኅበሩ የአውራዎች ጣቢያ ገብቶ ዘሩ በአገሩ ሁሉ እንዲሰራጭ የሚፈቀድለት አውራ፣ ግልገሎቹ በጋዝ ተፈትነው ያለፉ ብቻ ይሆናል። ፈታኟ ፈረንሳይኛ ከማይነገርበት ከፍላንደር በኩል የመጣች ዶክተር ሂልደ የምትባል ወጣት የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ፈረንሳይኛዋ ድንጋይ ላይ እንደሚሄድ ጋሪ የሚንኳኳ፣ ዓይኗ ግን ምንም የማያመልጠው። በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ቆማ አስረዳች።

“ግልገሉን ማደንዘዣ ጋዝ እናሸተዋለን። ጤነኛው እንደ ጨርቅ ይለሰልስና ይተኛል። ያ ክፉ ዘር ያለበት ግን እግሩ እንደ እንጨት ይገተራል። የሚገተረው ከአባቱም ከእናቱም ሲወርሰው ነው። በመኪና ላይ የሚሞተው፣ ሥጋው የሚነጣውና ውሃ የሚተፋው እሱ ነው።”

ከኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ጊስሌን ይህን ስትሰማ ቀና አለች። ከፊት የተቀመጠው ኦዲሎን ደግሞ አንገቱ ወደ ኮሌታው ገባ።

“ከአንዱ ወላጅ ብቻ የወረሰውስ?” ብሎ ጠየቀ አንድ አርቢ።

“እሱ አይገተርም። ውስጡ ደብቆ ይኖራል።”

ኦዲሎን ይህን የመጨረሻውን አልሰማም። ጆሮው ውስጥ የሚጮኸው “ይገተራል” የሚለው ብቻ ነበር። ማሬሻልን ያዳቀለው ከዚያው ከገዛ ዘመዶቹ ጋር ነው፤ ታፋ እንዳይጠፋ ብሎ፣ ከሌላ ቤት ሙሽራ አላመጣም። ግልገሎቹ ያንን ጋዝ ሲያሸቱ ምን እንደሚሆኑ ለመገመት ዶክተር መሆን አያስፈልግም። ያም ሆኖ ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠራረገና፣

“የመጀመሪያው ፈተና እኔ ግቢ ይሁን!” አለ። “ሁላችሁም ኑ። ቢራ በኔ!”

ጊስሌን ወንድሟን ከልጅነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች። እንዲህ ደረቱን የሚነፋው አንድም አሸንፎ ነው፣ አንድም ሊያጭበረብር አስቦ።

አሸንፎ እንዳልሆነ ለማወቅ ብዙም አልቆየችም። ዓርብ ዕለት ኦዲሎን ልኳንዳው ድረስ መጥቶ ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“እህትዬ፣ ያ ፀጉርሽን የምትቀቢው ነገር... ጥቂት ታበድሪኛለሽ?”

“ምን ልትቀባበት? ራስህ ላይ እንደሆን ዝንብ እንኳ ቆንጥጣ የምትይዘው ፀጉር አጥታ ስትንሸራተት ነው የማያት።”

“ለጢሜ ነው። ለፈተናው ቀን... ሰው ይመጣል...”

ሁለት ጠርሙስ ሰጠችው። ቅዳሜ ጠዋት በመንገድ ስታየው ጢሙ እንደ ወትሮው እንደ በረዶ ነጭ ነው። ከሰዓት በኋላ የደም ቋሊማ ላድርስለት ብላ ወደ ግቢው አቀናች። በእግር ጣቷ መራመድ የለመደችበት ግቢ ስለሆነ ማንም አልሰማትም። የበረቱ በር ገርበብ ብሏል። አጮልቃ አየች።

ኦዲሎን በርጩማ ላይ ተቀምጧል። በጉልበቶቹ መካከል አንድ ነጭ ግልገል አሳማ ይዟል። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ በፀጉር መቀቢያ ብሩሽ፣ እንደ ሠዓሊ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የግልገሉ ዳሌ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ እየሠራ ነው። አራት የተቀቡ ወንድሞቹ ጭድ ላይ ተኝተው ይደርቃሉ። አጠገቡ ጎረቤቱና የካርታ ጓደኛው ኔስቶር ቆሞ ምክር ይለግሳል።

“ጆሮው ላይም አንድ ጣል አድርግ።”

“አትረብሸኝ፣ እጄ ይንቀጠቀጥብኛል።”

“ያንተዎቹ እኔ በረት ውስጥ ደኅና ናቸው። ግን ኦዲሎን፣ የኔ ነጮች አንድ ቀን እንኳ ተገትረው አያውቁም፤ እንደ ጨርቅ ነው የሚተኙልህ። ለውለታዬ ማሬሻል ሴቷ አሳማዬን እንደሚያገኛት አትርሳ!”

ጊስሌን በእጇ የያዘችውን የደም ቋሊማ አፏ ላይ ጭና ተመለሰች። ሳቋ ያመለጣት ከመንደሩ ጥግ ስትደርስ ነው፤ አጥር ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ቀጥሎ ማሰብ ጀመረች። ለዶክተሯ ብትነግራት ፈተናው ይሰረዛል፣ ኦዲሎንም በማግሥቱ “እህቴ ቀናችብኝ” ብሎ ያወራል። ውሃ የምትወጋዋ ጊስሌን ደግሞ አሁን ሐሜተኛ ትባላለች። አይሆንም። ይህ ነገር ከራሱ ከኦዲሎን አፍ መውጣት አለበት።

እሑድ ቅዳሴ ላይ ስብከቱ ሲጀመር ራሷን ያመማት መስላ ወጣች። ኦዲሎንና ኔስቶር ከቅዳሴ በኋላ እስከ ምሳ መጠጥ ቤት ካርታ እንደሚጫወቱ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። የልኳንዳውን መኪና አስነሥታ፣ ጭድ አንጥፋ፣ ወደ ወንድሟ በረት ነዳች። የተቀቡትን አምስቱን መጫን ቀላል ነበር፤ የኔስቶር ዘሮች ናቸው፣ ሲያቅፏቸው ያጉረመርማሉ እንጂ ነገር አያከብዱም።

ጭንቁ ከኔስቶር በረት የማሬሻልን ልጆች ማውጣቱ ላይ ነው። አንዱን አቀፈችው። ልቡ በደረቷ ላይ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይመታል። “ቀስ፣ የኔ ጌታ፣ ቀስ” እያለች፣ ከስብከቱ በፊት ስትዘምረው የነበረውን መዝሙር በአፍንጫዋ እያዜመች፣ አንድ በአንድ በሙሽራ እርምጃ አወጣቻቸው። አራተኛው ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደወለ። ግልገሉ ጩኸቱን ለቀቀው፣ ቆዳው ቀላ፣ እግሮቹ መርገፍገፍ ጀመሩ። ጊስሌን መሬት ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች፤ የእሑድ ባርኔጣዋን አውልቃ ገንዳው ውስጥ ነከረችና ሆዱን እያራሰች፣ እያራገበች፣

“ቅዱስ እንጦንስ፣ አሳማ ጠባቂው፣ አሁን እንዳታሳፍረኝ” አለች። “ኃጢአቱ የወንድሜ ነው፣ ይህ ምስኪን ምን አደረገ?”

ቆይቶ ግልገሉ ተነፈሰ። ባርኔጣዋ ግን ከዚያ በኋላ ባርኔጣ አልሆነችም።

ካርታው ሲያበቃ ሁሉም ነገር ቦታውን ለውጦ ነበር። የተቀቡት ነጮች በኔስቶር በረት፣ እውነተኞቹ ነጠብጣቦች በአባታቸው ግቢ።

ሰኞ ጠዋት የኦዲሎን ግቢ ሞላ። የማኅበሩ ሊቀመንበር መጣ፣ አርቢዎቹ መጡ፣ ማዳም ዜሊ ባሏን ይዛ መጣች። ቢራው ቀረበ። ጊስሌን ከወንድሟ ደስታ ጎድላ እንዳትታይ ቋሊማ ጠብሳ አመጣች። ኦዲሎን መነጽር ማድረግ የሚያሳፍረው ሰው ስለሆነ ከክንዱ ርቀት በላይ ያለው ነገር ሁሉ ለእሱ ጭጋግ ነው። ግልገሎቹን ከቆመበት አያቸውና ኔስቶርን በክርኑ ጎሰም አደረገው።

“እየው እስቲ! እጄን እየው! ፈጣሪ ራሱ ቢመጣ የኔ ሥራ ነው የሚል አይመስልህም?”

“እውነትም!” አለ ኔስቶር እየተደነቀ። “ጆሮው ላይ ያለችው ደግሞ! ከማሬሻል ራሱ የምታምር!”

ጊስሌን ቋሊማውን መገልበጥ ነበረባት፤ ዞር ብላ ገለበጠች።

ዶክተር ሂልደ የጋዙን ጭምብል አዘጋጀች። “ሙሴ ኦዲሎን፣ እነዚህ የማሬሻል ግልገሎች ለመሆናቸው ያረጋግጣሉ?”

“እንደ ራሴ ልጆች!” አለ እጁን ደረቱ ላይ ጥሎ።

የመጀመሪያው ግልገል አፍንጫው ላይ ጭምብሉ ተደረገለት። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ለጥቂት ጊዜ ተንጠራራ፣ ዓይኑን ጨፈነ፤ ወዲያው የኋላ እግሮቹ ቀጥ ብለው ወጡ፤ እንደ ወንበር እግር። ዶክተሯ ጭምብሉን ቶሎ አነሣችለት።

“ተገትሯል” አለች።

“ስህተት ነው” አለ ኦዲሎን እየሳቀ። “ጋዙ ቀዝቅዞ ይሆናል።”

ሁለተኛው መጣ። ተገተረ። ሦስተኛው ጭምብሉ ገና ሲነካው እንደ ሳንቃ ደረቀ። ኦዲሎን ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ የት እንደገባ አይታወቅም።

“አይቻልም!” ብሎ ጮኸ። “አይቻልም እላለሁ! አይገተሩም!”

“ሙሴ ኦዲሎን፣ በዓይንዎ እያዩ...”

“እነዚህ የማሬሻል ልጆች አይደሉማ! የኔስቶር ነጮች ናቸው! ነጠብጣቡን የቀባሁት እኔ ራሴ ነኝ!”

ግቢው ጸጥ አለ። እንዲህ ያለ ጸጥታ ማሬሻል እንኳ ዕድሜውን ሙሉ አግኝቶ አያውቅም። ኦዲሎን አፉ እንደተከፈተ ቀረ፤ የተናገረው ነገር ለራሱ ጆሮ አሁን ገና እየደረሰው ነበር።

ጸጥታውን የሰበረው ኔስቶር ነው። “ምን? የኔ አሳማዎች ተገተሩ? የኔ? የአባቴ የአያቴ አሳማዎች ተገትረው አያውቁም! ስሜን ልታጠፋ ነው እንዴ፣ አንተ ቀባቢ!”

ዶክተሯ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ጥጥ በአልኮል ነክራ የግልገሉን ጥቁር ነጠብጣብ ፈተገች። ነጠብጣቡ ንቅንቅ አላለም። እንደገና ፈተገች። ግልገሉ ነቅቶ አንዴ አጉረመረመባት።

“ይህ የእናቱ ሆድ ውስጥ የተቀባ ነው” አለች።

ኔስቶር ይህን ሲሰማ ኮፍያውን ጥሎ ወደ በረቱ ሮጠ። ተመልሶ ሲመጣ በብብቱ አንድ ፍጡር ይዞ ነበር። የገንዳ ውሃ ውስጥ ሲንቦጫረቅ አድሮ ቀለሙ ወርዶበት፣ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ወይን ጠጅ፣ ጆሮው ላይ የቀረችው ነጠብጣብ ወደ አንገቱ የምትንጠባጠብ ግልገል።

“የኔ ይኼ ነው!” አለ እያለከለከ። “ፈትኑት! አሁኑኑ! ክብሬን መልሱልኝ!”

ያን ጊዜ ግቢው ተናጋ። ሊቀመንበሩ በርሜል ተደግፎ ሳቀ፣ ማዳም ዜሊ ባሏ ትከሻ ላይ ወድቃ ሳቀች። ዶክተር ሂልደ የጋዙን ጭምብል ወይን ጠጁ ግልገል አፍንጫ ላይ ስታደርግ ሳቋ አመለጣት። ግልገሉ እንደ ጨርቅ ለስልሶ ተኛ፤ እንዲያውም አንኮራፋ።

ኦዲሎን ዓይኑ በሰው መሀል ሲዞር ቆይቶ እህቱ ላይ አረፈ። ጊስሌን ቋሊማ እየገመጠች ነበር።

“ወንድምዬ፣ ፊትህ ገረጣብኝ” አለችው። “ውሃ ላምጣልህ? ውሃ መጨመር እኔ እችልበታለሁ።”

ኦዲሎን ከዚያ በኋላ በሩን ዘጋ። መጠጥ ቤት አይታይም፣ ቅዳሴ አይታይም። የመንደሩ ልጆች በከሰል ፊታቸውን ነጠብጣብ አድርገው በግቢው በር እያጉረመረሙ ያልፋሉ። ጊስሌን በመጀመሪያው ሳምንት ደንበኛ በገባ ቁጥር ታሪኩን ከነእንቅስቃሴው ትናገር ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ጠየቋት እንጂ አልተናገረችም። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ሾርባዋን ብቻዋን ስትጠጣ ሐሳቧ ወደ ኦዲሎን ይሄድ ጀመር። ከሱ በቀር ቅርብ ዘመድ የላትም። ልጅ ሆነው ከዛፍ ስትወድቅ በጀርባው አዝሏት የሮጠው እሱ ነው፤ እርግጥ ዛፉ ላይ ያወጣትም እሱ ነው።

ሄዳ ልታንኳኳ በወሰነችበት ቀን እሱ ቀደማት። ወረፋው በር ድረስ በደረሰበት በቅዳሜ ገበያ ሰዓት ኦዲሎን ልኳንዳው ውስጥ ገባ። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ባንኮኒው ፊት ቆመ፤ ባርኔጣውን አወለቀ።

“ውሃው የኔ ነበር” አለ።

“እ?” አለች ጊስሌን፣ ሰምታ ሳለች።

“ሥጋው ውስጥ ያለው ውሃ፣ የኔ ነው እንጂ ያንቺ አልነበረም። በአፌ ያልኩትን በአፌ መለስኩት። አሁን ይብቃሽ፤ በሰው ፊት ሦስተኛ ጊዜ አልደግመውም።”

ጊስሌን እጇን በሽርጧ ጠረገች። የባንኮኒውን መግቢያ ከፈተችለት። “ግባ ወደ ጓዳ” አለችው። “ከስተሃል። የኔስቶር አሳማ ጎድን አለ።”

“የኔስቶርን አልበላም!”

በላ። አጥንቱን ጋጠ፣ ሳህኑን በዳቦ ጠረገ፣ ቀና ሳይልም “ጮማው በዛ” አለ። ሰናፍጩን ወደሱ ገፋችለት። ትንሽ ቆይቶ፣ “እኔ በረት ድረስ እንዴት ደፈርሽ? ቢሞቱብሽስ ኖሮ?” አላት። ስለ አራተኛው ግልገልና ስለ ባርኔጣዋ ነገረችው። መጀመሪያ ተቆጣ፤ ከዚያ ትከሻው መርገፍገፍ ጀመረ፤ ሁለቱም ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው እስኪያስላቸው ሳቁ። ወረፋው ውጭ እየሰማ ነበር።

ውለታም ውለታ ነውና ማሬሻል የኔስቶርን ነጭ አሳማ አገኛት። ግልገሎቹ ተወልደው ለፈተና ሲደርሱ ዶክተር ሂልደ ተመልሳ መጣች። በዚህ ጊዜ ነጠብጣቦቹን ሁሉ ቀድማ በአልኮል ፈተገች፤ “ልማድ ሆኖብኝ ነው” አለች ፊቷን ሳትፈታ። ግልገሎቹ አንድም ሳይገተር ተኙ። ኦዲሎን ባርኔጣውን ወደ ሰማይ ወረወረ።

“ንጹሕ! ማሬሻል ንጹሕ ነው!”

“አይደለም፣ ሙሴ ኦዲሎን” አለች ዶክተሯ። “ከእናታቸው ደኅናውን ወሰዱ፣ ከአባታቸው ክፉውን። ክፉው ውስጣቸው ተደብቆ ነው ያለው። ሥጋቸው ካለፈው ይሻላል፣ በመኪናም ብዙ አይሞቱም። ግን ሁለቱን የተደበቁ ብታዳቅሏቸው ከልጆቻቸው መካከል የሚገተር ይወጣል። ሙሉ በሙሉ ንጹሑን ለማግኘት የልጅ ልጆቻቸውን እያያችሁ መምረጥ አለባችሁ። ጊዜ ይፈልጋል።”

ኦዲሎን አገጩን እያሻሸ አሰበ። “ከላይ ሲያዩት ደኅና፣ ውስጡ ግን ክፉ የደበቀ” አለ። “እንግዲህ የኛ ቤተሰብ ማለት ነዋ!”

“ስለ ራስህ ተናገር” አለች ጊስሌን።

ኔስቶር ደግሞ ከግልገሎቹ ፊት ተንበርክኮ፣ የእናታቸው ባለቤት እኔ ስለሆንኩ ስም የማወጣው እኔ ነኝ፣ ትልቁ ወንድ በአባቴ ስም ይጠራል ማለት ጀምሯል። ኦዲሎን ዘሎ ደረሰ። የአባትህ ስም ለአሳማ እንኳ ያንሳል፣ የማሬሻል ልጅ ጄኔራል ይባላል እንጂ ሲል፣ ኔስቶር ኮፍያውን መሬት ላይ ጣለ። ዶክተሯ ዕቃዋን ሰብስባ መኪናዋ ውስጥ ስትገባም፣ ጊስሌን ልኳንዳዋን ልትከፍት ስትወጣም ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደተፋጠጡ ነበሩ፤ ማሬሻል ይረበሻል ብሎ ድምፁን ዝቅ ያደረገ ግን አንድም አልነበረም።